አልሞት ያለችው ዳክዬ

እናቴ ዕቃ አትጥልም። እጀታው የወለቀ ድስት፣ ክዳኑ የጠፋ ፔርሙዝ፣ የእኔ የአራተኛ ክፍል የሒሳብ ደብተር፣ ሁሉም አልጋዋ ሥር የየራሱ ቦታ አለው። ባለፈው ክረምት ጣሪያው አፍስሶ ወለሉ ሲረጥብ፣ ዕቃውን ላወጣላት ተንበርክኬ ስጎትት በአሮጌ ነጠላ የተጠቀለለ ነገር እጄ ላይ መጣ። ነጠላውን ስፈታ ላስቲክ፣ ላስቲኩን ስፈታ ጋዜጣ፤ ጋዜጣውን ስገልጠው በ1988 ዓ.ም. አክስቴ ከጅዳ ያመጣችልን ጌም! ጆይስቲኮቹ ከነገመዳቸው፣ ቢጫው ካሴት፣ ብርቱካናማው ሽጉጥ፣ አንድም አልጎደለ።

«ይኼን ደግሞ ለምን አስቀመጥሽው?» አልኳት።

«የመብራት ዕቃ ነዋ!» አለችኝ፣ ጥያቄው ራሱ አስገርሟት።

እሷ ቤት የመብራት ዕቃ አይጣልም። ከአንዱ በስተቀር፤ እሱን ስደርስበት አወራችኋለሁ።

ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላስረዳ። ኒንተንዶ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1983 ፋሚኮም የተባለውን የቤት ጌም አወጣ። እኛ ቤት የገባው ግን እሱ ራሱ ሳይሆን ዘመዱ ነው። ፋሚኮምን እየገለበጡ በየስሙ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ሞልተው ነበርና፣ የኛው ከእነዚያ ካንዱ የወጣ ነው። ካሴቱ ላይ «9999999 በ1» ተብሎ ተጽፎበታል። አክስቴም ስትሰጠን «አሥር ሚሊዮን ሊሞላ አንድ ነው የቀረው፤ ተራ በተራ ተጫወቱ፣ አትጣሉ» አለችን። እኔና ታላቅ እህቴ አንድ ክረምት ሙሉ ቆጥረን አሥራ አንድ አገኘን። የቀረው ያው ማሪዮ ነው፤ አንዴ ከሁለተኛው ደረጃ ይነሳል፣ አንዴ ከአራተኛው፣ አንዴ ደግሞ ምን እንደነካው እንጃ ጣሪያ እስኪነካ ይዘላል።

ከአሥራ አንዱ የኔ ነፍስ ያረፈችው ዳክዬ አደኑ ላይ ነበር። ዳክ ሀንት ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣ ነው። ሽጉጡን ወደ ቲቪው ትደግናለህ፣ ከሣሩ መሀል ዳክዬ ብር ትላለች፣ ትተኩሳለህ። ከመታህ አንድ ውሻ ዳክዬዋን አንቆ ብቅ ይላል። ከሳትህም ያው ውሻ ብቅ ይላል፤ ግን ባዶ እጁን ነው፣ አፉን በመዳፉ ሸፍኖ ይስቅብሃል። በልጅነቴ ከዚያ ሳቅ የበለጠ ያዋረደኝ ነገር አልነበረም። ውሻውን ተኩሶ ለመግደል ያልሞከረ ልጅ ያለ አይመስለኝም። አይሞትም።

እና እኔ ተኳሽ ነበርኩ፤ ብቻዬን ስሆን። እህቴ አጠገቤ መጥታ «ተራዬን እየጠበቅሁ ነው» ብላ ጆይስቲኩን ይዛ ቁጭ ካለች ግን አለቀልኝ። ዳክዬዋ ልተኩስ ስል ትታጠፋለች፣ ታችኛው ቀኝ ጥግ ነች ስል ላይኛው ግራ ጥግ ናት። አያቴ ይህን አይታ «የዚች ልጅ ዓይን ይከብዳል» እያለች ትቆጣት ነበር። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ጌሙን ጠቅልዬ ወደ ቤቴ። የኔ ቲቪ ባለ 55 ኢንች ፎርኬ ነው፤ ዕቁብ ሲወጣልኝ የገዛሁት። በእጅ ባትሪ ጀርባውን ፈተሽኩ። የጌሙ ገመድ የሚሰካበት ያ ቢጫ፣ ነጭ፣ ቀይ ቀዳዳ የለም። ላይ ታች አልኩ፣ የለም። ኤችዲኤምአይ አለ፣ ዩኤስቢ አለ፣ የዲሽ አለ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ «እሱን ቲቪ ነካክተህ ብታበላሽ የሚቀጥለው ዕቁብ የኔ ነው» አለችኝ።

በማግስቱ መገናኛ አካባቢ ካለ ሱቅ ገባሁ። ቢጫውን ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር ዕቃ ጠየቅሁ።

«ለዲቪዲ ነው?» አለኝ ልጁ።

«ለጌም።»

«ለልጅህ?»

«አዎ፣ ለልጄ።»

ልጄ አሥር ዓመቱ ነው። ስለ ጉዳዩ የሰማው ማታ ነው።

ማታ ሁሉንም ሰካክቼ አበራሁት። ቲቪው ሲግናል የለም አለ። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ። የለም አለ። ካሴቱን አውጥቼ እንደ ድሮው እፍ አልኩበት (በዚያ ዘመን በእፍ የማይድን በሽታ አልነበረም)፤ የለም አለ። ልጄ ከሶፋው ሳይነሳ ሪሞቱን አንስቶ ሁለት ነገር ተጫነ፤ ማሪዮ መጣ።

መጣ ስል፣ ወፍሮ መጣ። የድሮ ቲቪ ወርዱና ቁመቱ 4 ለ3 ነበር፤ የዛሬው 16 ለ9 ነው። የኔው ደግሞ ባዶ ቦታ አይወድምና ሥዕሉን በግራና በቀኝ ይዞ ጎተተው። ማሪዮ በወርዱ ሲሶ ጨምሯል። ሳንቲሞቹ እንቁላል ሆነዋል። ሠላሳ ዓመት ያላየሁት ሰው ቢወፍር ምን ይገርማል ብዬ ልለፈው ነበር፤ ነገር ግን ጠጋ ስል መወፈሩ ብቻ አይደለም፣ ፊቱ ሁሉ ብሎኬት በብሎኬት ነው።

ሒሳቡን ሠራሁት። ፋሚኮም ወደ ቲቪ የሚልከው ሥዕል 256 በ240 ነጥብ ነው፤ ሲባዛ 61,440። የኔ ቲቪ 3,840 በ2,160 ነው፤ ሲባዛ 8,294,400። ሁለተኛውን ላንደኛው ብታካፍሉት ያለ ቀሪ 135 ይመጣል። ለአንድ ነጥብ የተበጠበጠ ቀለም ለ135 ነጥብ ይዳረስ ማለት ነው። እንግዳ ሲበዛ ወጡ ላይ ትንሽ ውኃ ጠብ ማድረግ ያለ ነው፤ የአንድ ሰው ወጥ ለ135 ሰው አቅርቡ ሲባል ግን ምን ዓይነት ባለሙያ ትወጣዋለች? ቲቪዬ አቀጠነው፣ አቀጠነውና ሁሉም ሳህን ላይ ጠብ ጠብ አደረገው።

«አባ፣» አለ ልጄ፣ «ይሄ ቁጥቋጦ ደመናው አይደለም እንዴ? አረንጓዴ ቀብተውት ነው።»

«አይደለም።»

«ነው። እየው።»

ጨዋታውን አቁሜ አየሁት። ነው። ያው ደመና ነው፣ ያው ሦስት ጉብታ፤ ላይ ሲሆን ነጭ፣ መሬት ሲሆን አረንጓዴ። ስንት ሺህ ጊዜ በአጠገቡ ሮጫለሁ! ሱፐር ማሪዮ ከነሙዚቃው፣ ከነጠላቱ፣ ከነልዕልቷ 40 ኪሎባይት ውስጥ ነው የገባው። ዛሬ በቴሌግራም የምንላላከው አንድ የልደት ፎቶ ይበልጠዋል። ቦታ ሲጠብ ወንድማማቾች አንድ ኮት በየተራ እንደሚለብሱት፣ ሰማይና ምድር አንድ ሥዕል በየተራ ለበሱ። ማሪዮስ ቢሆን? ባርኔጣ ያደረገው በዚያች ጠባብ ቦታ ፀጉር መሣል ስላስቸገረ ነው፤ ጢም ያወጣውም አፍ ከመሣል ስለሚያድን። ፈጣሪው ሺገሩ ሚያሞቶ ደጋግሞ የተናገረው ነው። እኔ እንደ ጋሽ እንትና ጢም የዘመኑ ፋሽን ነው ብዬ ነበር።

ታዲያ ያኔ ለምን አልታየኝም? ቲቪው ስለማያሳይ። የድሮው ቲቪ ከኋላው የኤሌክትሮን ጠመንጃ የተገጠመለት ትልቅ የመስታወት ጠርሙስ ነው። ጠመንጃው ከላይ ጀምሮ መስመር በመስመር እየተኮሰ ይወርዳል፤ በሰከንድ 50 ወይም 60 ጊዜ። የተመታው ቦታ ይበራል፣ ብርሃኑም ጎረቤቱ ላይ ትንሽ ይፈስሳል። ቢጫው ገመድ ደግሞ በራሱ ቀለምን ከቀለም ያደባልቃል። ሠዓሊዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ብሩሻቸውን ግማሹን ለቲቪው ነው የተዉለት።

ጎረቤታችን ቤት ሴጋ የሚባል ሌላ ጌም ነበር። የሴጋው ጨዋታ ሶኒክ እ.ኤ.አ. በ1991 ሲወጣ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ፏፏቴ ነበረው፤ ውኃው እየወረደ ከኋላው ዓለቱ ይታያል። እኛም እንዴት ሠሩት እያልን ስንገረም ኖርን። አሁን በጠራ ቲቪ ሳየው ውኃ የሚባል የለም፤ ቀጥ ቀጥ ያሉ መስመሮች ናቸው፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ክፍት፣ እንደ በር ላይ የዶቃ መጋረጃ። ማሽኑ እንደ ውኃ አሳላፊ የሆነ ቀለም ለማውጣት አቅም አልነበረውምና መስመር ሠርቶ ላከ፤ ቢጫው ገመድና ቲቪው አደባልቀው ውኃ አደረጉለት። አየህ፣ የድሮው ቲቪ ምስጢር ጠባቂ ነበር። የዛሬው ቲቪ ግን የሰው ገበና አደባባይ ማውጣት ነው የሚወድ።

ማየቱስ ይቅር፤ የገደለኝ መጫወቱ ነው።

ጉድጓድ አፋፍ ስደርስ የመዝለያውን ቁልፍ እጫናለሁ። ማሪዮ ይሰማኛል። ግን «አቤት ጌታዬ» ብሎ እስኪነሳ ጉድጓድ ውስጥ ነው። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ፤ ጨዋታው አለቀ። የመጀመሪያውን ጉድጓድ እንኳ አላለፍኩም፤ ዓይኔን ጨፍኜ አልፈው የነበረውን!

«አባ፣ አትችልም እንዴ?»

«ቲቪው ነው» አልኩ።

ከማድ ቤት ሳቅ ሰማሁ። «ቲቪው ነው እንጂ!»

ቲቪው ነው፤ ይኸው ማስረጃዬ። የቴሌቪዥን ሥርጭት ድሮ አንዱን ሥዕል ለሁለት ከፍሎ ነበር የሚልከው፤ መጀመሪያ ጎዶሎ ቁጥር መስመሮቹን፣ ቀጥሎ ሙሉ ቁጥሮቹን። እንዲህ ያሉ ጌሞች ግን አንዱን ግማሽ ብቻ ነው ደጋግመው የሚልኩት። የድሮው ቲቪ ምን አገባው፣ የመጣለትን እያነሳ ይሥላል። ዘመናዊው ግን ምሁር ነው፤ ሁለተኛው ግማሽ ይመጣል ብሎ ይጠብቃል። ታክሲ ተሳፍራችሁ ረዳቱ «አንድ ሰው የቀረው! አንድ ሰው!» እያለ ሩብ ሰዓት ሲያስቀምጣችሁ ታውቁታላችሁ። ያ አንድ ሰው አይመጣም። ቲቪው ተስፋ ሲቆርጥ ያለውን ግማሽ አንስቶ ያጋጥማል፣ ያሳድጋል፣ ያለሰልሳል፣ ቀለሙን ያደምቃል፣ ከዚያ ያወጣል። ያቺ ከመገናኛ የገዛኋት፣ ከክብሪት ቀፎ ከፍ የምትል መቀየሪያ ሣጥን ደግሞ የራሷን ፊርማ ትጨምራለች። ይህ ሁሉ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ቢፈጅ ነው። ማሪዮ ሲሮጥ ግን በዚያች ጊዜ የራሱን ሰውነት ያህል መንገድ ይሄዳል። አፋፍ ላይ ላለ ሰው ያቺ ሕይወት ናት።

ልጄ አዝኖልኝ ይሁን ሰልችቶት፣ ሪሞቱን ይዞ ማስተካከያው ውስጥ ገባና «ጌም ሞድ» የሚል አገኘ። ጌም ሞድ ማለት ባጭሩ ቲቪውን «አትመራመር» ማለት ነው። ሥዕሉንም ወደ 4 ለ3 መለሰው፤ ማሪዮ ከሳ፣ ግራና ቀኙ ጥቁር ሆነ። ተሻለኝ። ጉድጓዱን ሁለት ጊዜ ተሻገርኩ። ሙሉ በሙሉ ግን አልዳንኩም፤ ጣቴ የሚያስታውሰው ሌላ ሰዓት ነው።

ከዚያ ሽጉጡን አነሳሁ።

ተንበርክኬ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ የዕቁብ ቲቪዬ ላይ ደገንኩ። ዳክዬ ብር አለች። ቻክ! ውሻው ሳቀ። ሌላዋ ተነሳች። ቻክ! ሳቀ። አሥር ዳክዬ ተኮስኩ፣ አሥር ጊዜ ሳቀ። ልጄ «ስጠኝ» ብሎ አፈሙዙን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ተኮሰ፤ ውሻው እሱንም ሳቀበት። ባለ 55 ኢንች ውሻ ሲስቅብህ ሌላ ነው። ባለቤቴ «ሰው ሳይመጣ አጥፉት በናታችሁ» አለች።

ነገሩ ወዲህ ነው፤ ያ ሽጉጥ አይተኩስም። የሚተኩሰው ቲቪው ነው፣ ያውም ወደ እኛ። ሽጉጡ ዓይን ነው። ምላጩን ስትስብ ጌሙ ለቅጽበት ማያውን በሙሉ ያጨልመዋል፤ ቀጥሎ ዳክዬዋ የነበረችበት ላይ ብቻ ነጭ አራት ማዕዘን ይሥላል። ሽጉጡ ጨለማ ቀጥሎም ብርሃን ካየ፣ መታህ ማለት ነው። ጨለማ ብቻ ካየ ሳትክ። ሰው ዓይኑን እስኪያርገበግብ ያልቃል። ሰዓቱ የተለካው በጠመንጃው ቲቪ ነው፤ ያ ቲቪ ደግሞ እንዲህ ላለው ነገር ሰዓት አያሳልፍም። ጠፍጣፋው ነጯን ሣጥን ይሥላታል፣ አልካድኩም፤ ግን እሷ ስትደርስ ሽጉጡ መስኮቱን ዘግቶ ምሳ ወጥቷል። በዚያ ላይ የኒንተንዶ ሽጉጥ የድሮውን ቲቪ የብርሃን ንዝረት፣ በሰከንድ ወደ 15,000 የሚጠጋውን፣ እየለየ እንዲቀበል ነው የተሠራው፤ ከአምፖል ጋር እንዳይሳሳት። የጠፍጣፋው ብርሃን ለሱ አምፖል ነው። እያየ አያየውም።

ስለዚህ ያለው መፍትሔ አንድ ነው፤ አሮጌ ቲቪ። እናቴ ጋ ደወልኩ።

«እማ፣ ያ ቲቪያችንስ?»

«ለቁራሌው ሰጠሁት።»

«የመብራት ዕቃ አይጣልም ትዪ የለም እንዴ?»

«ሳፋ ገዛሁበት። ሳፋው አሁንም አለ።»

ምናለሽ ተራ ወረድኩ። ሁለት ሰዓት ዞርኩ። አንድ ሰው ጋ ሁለት አገኘሁ፤ የአንዱ ውስጡ ተራግፎ ዶሮ ታቅፋበታለች፣ ሌላው መስታወቱ ብቻ ቀርቷል። «ወንድሜ፣ መዳቡን አውጥተነዋል» አለኝ፣ «እሱን ከፈለግህ ተሸክመህ ሂድ።» ምን ልትሠራበት ነው ብሎ ሲጠይቀኝ ዳክዬ ልገድልበት አላልኩትም።

በዚህ በሽታ የተያዝኩት እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ለመጽናናት ጠይቄ ነበር። አይደለሁም። የአሮጌ ጌም ሥዕል ተቀብሎ፣ ሳያዘገይ ለፎርኬ ቲቪ የሚያዘጋጅ መሣሪያ አለ፤ ሬትሮቲንክ ፎርኬ ይባላል፣ ሲወጣ ዋጋው 750 ዶላር ነበር። በብር ልነግራችሁ አስቤ ነበር፤ ይህ ጽሑፍ እጃችሁ እስኪገባ ግን የምንዛሬው ነገር እኔንም ሐሰተኛ ያደርገኛል። የሚያስቀው፣ ይህ መሣሪያ ከሚኮራባቸው ነገሮች አንዱ ሥዕሉ ላይ ጥቋቁር መስመሮች ጨምሮ የድሮ ቲቪ ማስመሰሉ ነው። የጠራ ቲቪ ገዝተህ፣ 750 ዶላር ጨምረህ ታደበዝዘዋለህ። ሌሎቹ ደግሞ ወደ ዋናው ነው የሄዱት። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1989 ባለ 43 ኢንች የጠርሙስ ቲቪ ሠርቶ ነበር፤ ክብደቱ 200 ኪሎ አካባቢ ነው። ኦሳካ ውስጥ አንድ ኑድል ቤት ተቀምጦ መገኘቱ ሲሰማ፣ አሜሪካ ያሉ የጌም ወዳጆች ሰው አሰማርተው፣ ከቤቱ አስወጥተው፣ አስጭነው ወሰዱት። ሁለት ኩንታል ቲቪ! ይህን ለባለቤቴ ስነግራት «ተመስገን» አለች፣ የኔ በሽታ ገና ጀማሪ መሆኑን አይታ።

ቲቪው ለካ እደጃችን ነበር። የጎረቤታችን እማማ ቤት ለቅሶ ልጠይቅ ገብቼ ዓይኔ ቡፌው ላይ አረፈ። ባለ 21 ኢንች፣ ዳንቴል ለብሶ፣ ዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ ከአበባው ጎን የልጃቸው የምረቃ ፎቶ፣ ከሁሉም በላይ ተጋድማ አንዲት ግራጫ ድመት። ነፍስ ይማር ያልኩት እኩል ለሟችና ለራሴ ነው።

«እማማ፣ ይሠራል?»

«ምን ሆነና! ልጆቹማ ጠፍጣፋ እንግዛልሽ ይሉኛል። ድመቷ የት ትተኛለች?»

ለዚህ መልስ ያለው መሐንዲስ እስካሁን አልሰማሁም። ጉዳዬን አስረዳኋቸው። ግማሹን ነው የተረዱኝ መሰለኝ፤ ግን «ዜና እስኪጀምር ብቻ» ብለው ፈቀዱ።

ቅዳሜ ከልጄ ጋር ሄድን። ልጄ ቲቪውን ዞሮ ከኋላ አየው። «አባ፣ ለምንድነው እንዲህ የወፈረው? ውስጡ ምን አለ?»

«ጠመንጃ።»

አላመነኝም። እማማ ድመቷን አንስተው ጭናቸው ላይ አደረጓት፤ አኮረፈች። አበራሁት። መጀመሪያ «ድም» አለ፤ ያ ድምፅ! ቀጥሎ የጋለ አቧራ ሽታ መጣ። ልጄን እጁን ወደ መስታወቱ አስጠጋ አልኩት፤ የክንዱ ፀጉር ሲቆም ጮኸ። ከፊቱ ያለችውን ትንሽ ክዳን ከፍቼ ቢጫውን በቢጫ፣ ነጩን በነጭ ሰካሁ። አስማሚ የለ፣ ማስተካከያ የለ፣ ጌም ሞድ የለ። ማሪዮ ብቅ አለ፤ ቀጭን፣ ለስላሳ፣ የማውቀው ሰው። ቁጥቋጦውም ቁጥቋጦ መሰለ። ስጫን ዘለለ። ጉድጓዱን ሳልፍ ልጄን ዞር ብዬ አየሁት፤ ምንም አልተናገርኩም፣ ጊዜው የዝምታ ነበር።

ሽጉጡን አነሳሁ። ዳክዬ ብር አለች። ቻክ! ወደቀች። ውሻው አንቋት ብቅ አለ። ሌላ፤ ቻክ! ወደቀች። እማማ «ጎበዝ!» አሉ ከነድመታቸው። ሰባት አከታትዬ ጣልኩ። ሠላሳ ዓመት ዝም ብሎ የተጠቀለለ ሽጉጥ፣ ሠላሳ ዓመት ያረጀ ዓይን፣ አንድም አልሳተም። ቲቪው ነው ብዬ አልነበረም?

ስምንተኛዋ ላይ ሳትኩ። ልተኩስ ስል ታጠፈች። ዘጠነኛዋም። አሥረኛዋ ደግሞ ጭራሽ ወደ ታች ወርዳ፣ ወደ ግራ ተመልሳ፣ ተጠማዛ ወጣች። ውሻው ሳቀ። ይህን አበራረር የት ነው የማውቀው ስል፣ ልጄ ከጎኔ፦

«አባ፣ ዳክዬዋ እኮ እኔ በተጫንኩበት ነው የምትሄደው!»

ዞሬ አየሁት። ጆይስቲኩ እጁ ላይ ነው።

ቤት ሄጄ አጣራሁ። እውነት ነው። አንድ ዳክዬ የሚነሳበት ጨዋታ ላይ ጆይስቲክ የያዘ ሰው ዳክዬዋን እንዲነዳ ኒንተንዶ ራሱ ሠርቶታል፤ ጉድለት አይደለም፣ ሆን ተብሎ ነው። የኛ ካርቶን ውስጥ ይህን የሚናገር ወረቀት አልነበረም።

እህቴ ቨርጂኒያ ናት። እዚያ ሊነጋ ሲል በቪዲዮ ደወልኩላት።

«እታለም፣ ዳክዬዋን ትነጂያት የነበረው አንቺ ነሽ?»

ትንሽ ዝም አለች። ኔትወርኩ መስሎኝ ነበር። ከዚያ አንድ እጇን አነሳችና አፏን ሸፈነች፤ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ውሻውን ነው የመሰለችው። ቁርጥ።

«ገና አሁን ነው ያወቅከው?» አለችኝ ስትችል።

ለገና ትመጣለች። እማማን አስፈቅጃለሁ፣ ሽጉጡንም ቡፌው ላይ ትቼዋለሁ። ጌሙን ከፍቼ ከጨረስኩ በኋላ ጆይስቲኩን እማማ ራሳቸው ይዘው እንዲቀመጡ ተነጋግረናል።